ሐዋሳ በጊዜያዊ ሥራ ላላችሁ፦ ቅዳሜና እሁድ የግድ አዲስ አበባ መግባት አለበት?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ባለቤቴ ሥራ የሚያንከራትተን ሰዎች ነን። እሱ ቀያሽ ነው፤ ፕሮጀክቱ በሄደበት ይሄዳል። እኔ ኦዲተር ነኝ። አለቃዬን ለምኜ የደቡቡን ቅርንጫፎች ወሰድኩና ተከተልኩት። መጀመሪያ አዳማ ነበርን፤ አሁን ሐዋሳ ነን። ቤት ተከራይተናል፣ ግን ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ቁም ሳጥን አልገዛንም። ተነሱ ሲሉን ዕቃችንን በአንድ ሚኒባስ ጭነን እንሄዳለን።

እንደኛ ዓይነቱ ሰው እዚህ ከተማ ሞልቷል። የፕሮጀክት ሠራተኛው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰው። አርብ ከሰዓት ሲሆን ታዲያ ግማሹ መናኸሪያ ነው። አዲስ አበባ 275 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል። ሰውዬው አርብ ሌሊት ይገባል፣ ቅዳሜ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ እሁድ ምሳው ሳይወርድለት ተመልሶ መንገድ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ዓይኑ ፍም መስሎ ቢሮ ይገባል።

እኛ ይህን ትተናል። ቪትዛችንን ነዳጅ እንሞላና ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውልቅ ነው። አንዳንዴ ይርጋለም፣ አንዳንዴ ላንጋኖ፣ አንዳንዴም ሻሸመኔ መገንጠያው ላይ ደርሰን ነው የምንወስነው። ሕጋችን ትንሽ ነች። ስንሄድ እሱ ይነዳል፣ ስንመለስ እኔ። ሩቅ ከሆነ አልጋ ይዘን እናድራለን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንነዳም።

እንደኔ እንደኔ፣ ጊዜያዊ ሥራ ከሚሰጠን ነገር ሁሉ ቅዳሜው ይበልጣል፤ አበሉ እንኳ አይደርስበትም። ነገ ጎንደር ወይ ጅማ ከተላክን በኋላ ዲላን ለማየት ከአዲስ አበባ ተነስተን አንመጣም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የት ሄዳችሁ? የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄውን ካስቀመጥኩ በኋላ የመጣውን በየቁጥሩ ላውጋችሁ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ብዙው ሰላምታ ነው።

ምላሽ 1። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ጨዋ። ጀማሪ መጀመሪያ ወንዶ ገነት እንዲሄድ ይመክራል። መንገዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሳይሞላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ገንዳው ውስጥ መገኘት ነው ዋናው ብልሃት። ለመታጠቢያ የሚወርደው ውሃ ለብ ያለ ነው፤ ምንጩ ጋ ግን ይንተከተካል። የሰፈር ልጆች ድንችና በቆሎ እየከተቱ ይቀቅሉበታል። ድንቹን እኛም ገዝተን በሚጥሚጣ በልተናል፤ እውነቱን ነው። ከደን ኮሌጁ በላይ ያለውን ጫካ ቀና ብሎ ላየ ደግሞ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል እንደማያጣ ጨመረልን።

ምላሽ 2። የመኪናችንን ዓመተ ምህረት ብቻ ጠይቆ ሄደ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከየትም ውይይት አይጠፋም።

ምላሽ 3 ላይ ነገሩ ጠነከረ። ሰውየው ሐዋሳ ሲሠራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ እናቱም ታመዋል። አርብ አርብ መናኸሪያ የሚገኘው መዝናናት ጠልቶ እንዳልሆነ በቁጣ አስረዳ። እድር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የልጅ የቤት ሥራ አለ። ባልና ሚስት አንድ ቤት እያደሩ ለሌላው ቅዳሜህን ተጠቀምበት ማለት ቀላል ነው ባይ ነው። ከለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ ብቻ እንዲህ ይጽፋል ብሎም ወጋ አደረገኝ።

ምላሽ 4 የ3ቱን ደግፎ ወደ ገንዘቡ ወሰደው። በዚህ የነዳጅ ዋጋ በየሳምንቱ ሽርሽር ያማረው ሰው ደልቶታል ማለት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው ለእሱ።

ምላሽ 5 የኔ ነው። ለ3ቱ ልጆቹ ያሉበት ሰው ወደ ልጆቹ ቢሄድ ማንም እንደማይወቅሰው ጻፍኩ። ነገሬ ከዚያ ሌላ ነበር፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ከልማድ ብቻ የሚሮጠውን ነው ያነሳሁት። ለ4ቱ ግን ሂሳብ አወጣሁለት። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 550 ኪሎሜትር ነው። መኪናዋ በሊትር 15 ብትሄድ 37 ሊትር ገደማ ትበላለች። ይርጋለም ደርሶ መልስ ወደ 90 ኪሎሜትር ነው፤ ስድስት ሊትር። የደላው ማን እንደሆነ እሱ ይፍረድ። እሱ ደግሞ መኪና እንደሌለውና በአውቶቡስ እንደሚሄድ መልሶ ጻፈና ሂሳቤን ባዶ አስቀረው።

ምላሽ 6 እስካሁን ከተጻፉት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጸሐፊው የዲላ ሰው ነው። ከሐዋሳ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ዲላ ሲደርስ ምሳ በልቶ መመለሱ ያናድደዋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ብዙ ሰው ግን የሚመጣው ለቡና ብቻ ነው። ሰውየው የሚለው መኪናውን አቁሙና ተዳፋቱን በእግር ውጡ ነው። ከላይ ትልልቁ አገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከቡናው ጋር እንሰቱ አንድ ላይ ነው። እርሻ ነው ጫካ? ከመንገድ ላይ ሆኖ መለየት ያስቸግራል። መሬቱ ቀጥ ያለ ተዳፋት ሆኖ ሳይሸረሸር ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚመግበው በዚህ አተካከል መሆኑን አብራርቷል።

ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ ገባ። ወናጎ በኩል ቱቱ ፈላ አለ፤ ሌላው ጨልባ ቱቲቲ ነው። የቆሙም የወደቁም ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ በመቶ የሚቆጠሩ። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና ደረት የተቀረጸባቸው አሉ። ጠዋት ፀሐዩ ከጎን ሲመታቸው ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው ተራ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ዲላ ማደር ግድ ነው። ቡናውን በተመለከተ ይርጋጨፌ የሚለውን ስም በውጭ አገር ካፌ ግድግዳ ላይ ከማንበብ አንድ ቤት ገብቶ ሦስተኛውን ስኒ ድረስ መቀመጥ ይሻላል ብሎ ያምናል። እኔም አምናለሁ።

ምላሽ 7 አንዲት ነርስ ናት። አጭርና ቁርጥ ያለች። ሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ውጡበት፣ ዳሩ ላይ ተራመዱ፣ ግን አትዋኙበት ነው የምትለው፤ በብልሃርዚያ ምክንያት። መዋኘት ያማረው ላንጋኖ ይሂድ ትላለች።

ምላሽ 8 የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ነው ብሎ ተቃወማት።

ምላሽ 9 አስጎብኚ ይመስለኛል፤ ረጋ ብሎ አረመው። ቀለሙ ውሃው ውስጥ ከተንሳፈፈ ደቃቅ ደለል የመጣ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሁለቱን ሐይቆች ማንም እንደማያነሳቸውም ገረመው። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አንደኛ። ዳርቻው ላይ ፍልውሃ አለ። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ላይ በላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ የሶዳ አሽ ማምረቻውም ከራሱ ከሐይቁ ሲስብ ኖሯል። ድሮ ውሃ የነበረው ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው። ፍላሚንጎ ለማየት በእግር ረጅም መንገድ መሄድ እንደሚያስፈልግና መኪና ይዞ ሜዳው ላይ የገባ ሰው እንደሚሰምጥ አስጠነቀቀ። ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ዝም አለ። ሊገባ አስቦ ነበር ማለት ነው።

ይኸው ሰው ሰንቀሌንም ጠቆመን። ቆርኬ የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ያ ዓይነት ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

ምላሽ 10 ሰንቀሌ በዲላ መንገድ ላይ እንደሆነ ጽፎ ሰው አሳሳተ። ምላሽ 11 ሊበላው ደረሰ። ሰንቀሌ ከሻሸመኔ ወደ ሃላባ በሚወስደው መንገድ አጄ ላይ ተገንጥሎ ነው። በሰው ነዳጅ አትቀልድ የሚል መልእክት አለው፣ በሦስት ቃለ አጋኖ። ይህን ያህል አያስቆጣም ነበር። ግን ለካ ሰውየው የተቃጠለ ኖሯል፤ አንዴ ወንዶ ገነት ብሎ የጠየቀውን ሰው አምኖ በዲላ መንገድ ወንዶ የምትባለው ከተማ ድረስ ነድቷል። ፍልውሃ ሲፈልግ ዋለ።

ከ12 እስከ 16 ያለው ስለ ዓሣ ነው፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንዱ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ሄዶ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ያልበላ ሐዋሳን አላየም አለ። ነርሷ ተመልሳ መጣች፤ ጥሬውን ተውት፣ ሾርባው ምን አለው ትላለች። ሌላው አያቱ ጥሬ እየበሉ ዘጠና ዓመት እንደኖሩ ማስረጃ አቀረበ። ቆሮሶ ይሻላል አምባዛ የሚለው ደግሞ ሁለት ሰው አኳረፈ። እኔ በዚህ ጉዳይ አልገባም፤ የምሄደው ሥራውን ለማየት ነው። ልጆቹ ዓሣውን በጥርሳቸው ነክሰው ቆዳውን ሲገፉ፣ ቢላዋ ከላይ እስከ ታች አንዴ ብቻ ሲያልፍ፣ አጥንቱ ወዲያ ሥጋው ወዲህ ሲሆን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ፤ ቁመታቸው ከትንንሾቹ ልጆች ይበልጣል። እዚያ ነጭ ጫማ አድርጋችሁ አትሂዱ።

ምላሽ 17 የአባዱላ ሾፌር ነው። ከሁላችንም በላይ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሲጽፍም እንደሚነዳ ያስታውቃል፣ ነጥብ የለውም። የሽርሽር ሰው ካርታ ያምናል፣ እሱ ግን የሚያምነው መናኸሪያን ነው። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ከዚያ አቅጣጫ ሌሊት የገባ ሾፌር ፈልጋችሁ መንገዱ ሰላም ነው ወይ በሉ ይላል። ስልክ ላይ የማይገኘው ወሬ እሱ ጋ አለ። ፀሐይ ከጠለቀች አለመንዳታችንን አመሰገነ፤ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ መሃል መብራት የሌለው ጋሪ ስንት መኪና እንዳስለቀሰ ቆጠረ። ላም የገጨ ሰው የሚከፍለው ለላሟ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ቀኑም እንደሚሄድ አስታወሰ። በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን አትንኩት ባይ ነው። ክሪክና ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) መያዛችሁን ሳይሆን ስኮርታው ነፋስ እንዳለው እዩ ይላል። ጎሚስታ ከከተማ ውጭ እሁድ እንደማይገኝ የሚያውቀው አንዴ አጄ ላይ ከነተሳፋሪው ቁጭ ብሎ ከዋለ ወዲህ ነው።

ምላሽ 18 አንድ አዛውንት ናቸው፤ ልጆቼ ብለው ይጀምራሉ። ሐዋሳ ከተማ ሳትሆን የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም እንደነበረች፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይወጣ እንደነበር አጫወቱን። በመምህርነት ተመድበው የሄዱት ለአንድ ዓመት ነበር፤ ሚስት አግብተው ሰባት ዓመት ቆዩ። ከተማዋን ለማየት ከፈለጋችሁ አሮጌዎቹን ቤቶች ተመልከቱ፣ ከእንሰት የሚሠራውን ቡርሳሜ ሳትበሉ እንዳትመለሱ የሚል አደራም አለባቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን ብዬ መለስኩላቸው። ቡርሳሜው በቅቤ እንዲህ የሚዋኝ መሆኑን ግን ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር።

ምላሽ 19 ላይ ጨዋታው ቆመ። የሲዳማ ልጅ ነው የጻፈው። ቃሉ ለዘብ ያለ ነው፣ ነገሩ ግን ከረር ይላል። እንደኛ ያለው ሠራተኛ መጥቶ ሐይቁን ፎቶ ያነሳል፣ ዓሣ ይበላል፣ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ በሲዳምኛ ዳኤ ቡሹ ብለው ሲቀበሉት የሚመልሰው ይጠፋዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ፍለጋ የሚወጣ ሰው የተቀመጠበትን ከተማ መቼ ያውቃል ነው ጥያቄው። ፍቼ ጨምበላላን ምሳሌ አደረገ። የዘመን መለወጫው ቀን የሚታወቀው አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ሰማዩን አይተው ሲናገሩ ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በጨምበላላ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ቡርሳሜ ይበላሉ፣ ሽማግሌዎች ስለ ሥራና ዛፍ አለመቁረጥ ይመክራሉ። በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ ጉዱማሌ ሞልቶ ሲዘፈን ግን ጊዜያዊው ሠራተኛ እረፍት አገኘሁ ብሎ አዲስ አበባ ነው። እኛንም ከእነሱ አልለየንም፤ ላንጋኖ የሄደውና አዲስ አበባ የሄደው ለእሱ አንድ ነው።

ምላሽ 20 ሰደበው። አድሚኑ አጠፋው፤ ምን እንደነበረ ያየነው እናውቃለን፣ አይደገምም። ምላሽ 21 የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የብሔር ነገር ያነሳ ይወጣል፣ የዓሣውም ክርክር የራሱን ቦታ ይፈልግ ብሏል።

ምላሽ 22 እኔ ነኝ። ለ19ኙ ልክ ነህ ለማለት አልተጣደፍኩም፤ ሁለቱ አይጋጩም ብዬ አስባለሁ። ቅርንጫፍ ስዞር ያገኘኋቸው የሥራ ባልደረቦች ናቸው ለጉዱማሌ የጋበዙን፤ ከተማ ውስጥ የማውቀው ሰው የበዛው ከቅዳሜ ጉዞ ተመልሼ ሰኞ የማወራው ስላለኝ ነው። የሀገር ልጅ ለሆነ ሰው ይርጋለም ሄጄ ነበር በሉት፤ አክስቱ እዚያ ናት፣ ወሬው ይጀመራል። እሱም የሚቀጥለው ፍቼ ቤቱ እንድንመጣ ጻፈልን። ስልክ ተለዋውጠናል።

ምላሽ 23 አንዲት ሴት ናት፤ የባልና ሚስቱን ነገር ያመጣችው እሷ። ሁሉም ስለ ቦታ ሲያወራ እሷ የምታውቀው ግን መኪና ውስጥ ያለው ጠብ ነው። ባሏ ሲነዳ እሷ ባዶ ወለል በእግሯ ፍሬን ትረግጣለች፤ እሷ ስትነዳ እሱ ማርሽ ቀይሪ ማለት አይሰለቸውም። ሻሸመኔ ውስጥ ባጃጅ፣ ጋሪና አይሱዙ ሲደባለቅ ትዳሩ የሚፈርስ ይመስላታል። ከዚህ በኋላ አምስት ስድስት ሰው ተከታትሎ የየራሱን ጠብ ዘረዘረ። ወደኛ ስመጣ፣ የኛ መፍትሔ ቀላል ነው፤ የማይነዳው ሰው ስለ መንገድ አንድ ቃል እንዳይናገር ተስማምተናል፣ ላም ካልሆነች በቀር። ባለቤቴ ግን ይተነፍሳል። በረጅሙ።

ከ29 ጀምሮ ወሬው ባሌ ሄደ። ቪትዝ የባሌን ከፍተኛ አምባ ሰነቴን ትወጣለች አትወጣም? 29 እስከ ጎባ አስፋልት ስለሆነ በዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ አድርጋ ያለ ችግር ትደርሳለች አለ። 30 ከጎባ በላይ ጠጠር እንደሆነና ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ መኪናም ሰውም እንደሚያቃስት አስታወሰ። 31 ነገሩን አቃለለው፤ እሱ በበጋ በኮሮላ ወጥቷል፣ ቀይ ቀበሮም ከመስኮት አይቷል። 32 የኮሮላው ሆድ ዕቃ ከሥር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠየቀ። መልስ አልተሰጠም። ቁም ነገሩን የተናገረው 33 ነው። ባሌ የቅዳሜና እሁድ ቦታ አይደለችም። ሄዶ ዲንሾ ኒያላ አይቶ አድሮ መመለስ ይቻላል፤ ሰነቴን የጨመረ ግን እሁድ ማታ በጨለማ መንገድ ላይ ይሆናል። ሰኞ በዓል ሲውል ነው የሚሄደው፣ ወፍራም ጃኬትና መታወቂያ ተይዞ፤ መታወቂያው የአገር ሰው ዋጋ ለመክፈል ነው። እኛም ለዚያ ብለን አቆይተነዋል።

ምላሽ 35 ላይ የ3ቱ ሰውዬ ተመለሰ። ሐሳቡን አልለወጠም፤ አርብም መናኸሪያ እንደሚገኝ ደገመው። ልጆቹ በክረምት እረፍት ሐዋሳ ሲመጡ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ቅርብ ቦታ ማን እንደሚያውቅ ጠየቀ። ሦስት ሰው ወንዶ ገነት አለው። የ11ዱ ሰው የትኛው ወንዶ እንደሆነ አጥብቆ እንዲጠይቅ መከረው።

ምላሽ 38 እኔ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ዲላ ነን፤ የ6ቱ ሰው ወናጎ ድረስ ሊያደርሰን ቃል ገብቷል። ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነው፤ የነዳጅ ድርሻውን የሚያዋጣ፣ ስለ አነዳድም አስተያየት የማይሰጥ ሰው መምጣት ይችላል። 39 የነዳጁን ተስማምቶ ሁለተኛውን ሊያስብበት ነው። 40 የአባዱላው ሾፌር፣ ስኮርታውን በጫማዬ ረገጥ አድርጌ እንዳየሁት ጠየቀኝ። ወርጄ አየሁት። ነፋስ የለውም።